የኋላው መስታወት፦ በቆዩ መኪኖች መልክ ላይ ስለሚለያየው ዓይናችን

ይህ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ የቆዩ መኪኖችን ለሚይዙ፣ ለሚጠግኑና ለሚወዱ ሰዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን አስተካክያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ በጋራዥም በመንገድም የምንተዋወቅ ወዳጆቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ፒያሳ ላይ ሁለት ቮልሶች ጎን ለጎን ቆመው አየሁ። የአንደኛዋ የፊት መብራት ከፓራፋንጎው፣ ከጎማው በላይ ካለው ላሜራ፣ ጋር ወደ ኋላ የተጋደመ ነው፤ ፓራውልቷም፣ ግጭት የሚቀበለው አግዳሚ፣ ቀጭንና ዳርና ዳሩ የታጠፈ ነው። የሁለተኛዋ መብራት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፓራውልቷም ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ባለቤቶቻቸው ቡናቸውን ይዘው ይከራከሩ ነበር። አንደኛው «ያንተዋ ዓይኗ ፈጦ ሰው የምታስፈራ ናት» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ያንተዋ እንቅልፍ ያልጠገበች ትመስላለች» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። ሲለያዩም ማንም ማንንም አላሳመነም።

እኔ የዕድሜዬን አብዛኛውን ክፍል ላሜራ በመቀጥቀጥ፣ በመበየድና ቀለም በመቀባት፣ በኋላም ይህንኑ ሙያ ለወጣቶች በማስተማር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ክርክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት የትኛው መብራት እንደሚያምር አይደለም። ልናገር የምፈልገው፣ በመኪና መልክ ላይ ያለን የዓይን ልዩነት ሊከበርና ሊሟገቱበት የሚገባ ቁም ነገር መሆኑን ነው። ሙግቱ ዋጋ የሚኖረው ግን እያንዳንዳችን የምንወደው ወይም የምንጠላው መስመር ከየት እንደመጣ ስናውቅ ብቻ ነው። ሳናውቅ ከፈረድን መጋዝ እናነሳለን፤ መጋዝ ደግሞ አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ መመለሻ የለውም።

በዚህ ከተማ አንድን ነገር በሁለት ዓይን ማየት አዲስ አይደለም። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንቶቻችን ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው ሲጠሩ ኖረዋል፤ የታች ቤቱን ትርጓሜ የመሠረቱት መምህር ኤስድሮስ ስማቸው ዛሬም በጉባኤ ቤት ይነሳል። ሁለቱ ቤቶች የሚያነቡት ንባብ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በመንገዱ ነው። ደግሞም በአንዱ ቤት ውስጥ ራሱ መምህሩ አንድ ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ይተረጉማሉ። «አንድም» የፊተኛውን ትርጓሜ አይሽረውም፤ ከጎኑ ሌላ ያቆምለታል። ሆኖም ማንም ተነስቶ ደስ ያለውን «አንድም» ማለት አይችልም፤ ታሪኩን፣ ምሥጢሩን፣ ከሌላ መጽሐፍ የሚያስረዳውን ቃል ማምጣት አለበት። የቆየ መኪና ወዳጆችም እንዲህ ብንሟገት ምኞቴ ነው።

እስቲ ከደጃችን ልጀምር። ይህ አዳራሽ አጠገብ ያሉትን የፒያሳ ሕንፃዎች አብዛኞቻችሁ በየቀኑ ታልፏቸዋላችሁ። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 በቆዩባቸው ዓመታት፣ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው አርክቴክት የከተማዋን ፕላን በነደፈበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። ማዕዘናቸውን ተመልከቱት፤ ብዙ ቦታ ላይ ግድግዳው ስል ጥግ አይሠራም፣ ተጠማዝዞ ያልፋል። በግድግዳው ላይ አግድም የሚሄዱ መስመሮች አሉ፤ ሕንፃው ቆሞ ሳለ የሚሄድ ያስመስሉታል። እነዚህ ሕንፃዎች ሲሠሩ በዓለም ላይ የመኪና ነዳፊዎችም በዚያው ሐሳብ ተይዘው ነበር። ነፋስን የሚከፍል፣ ጥግ የሌለው፣ ውኃ እንዳለሰለሰው ድንጋይ የሆነ መኪና ይፈልጉ ነበር።

የዚያ ሐሳብ ታላቁ ፈተና በ1934 የወጣው ክራይስለር ኤርፍሎው ነው። መሐንዲሶቹ በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሞክረው ነው ያወጡት። እስከዚያ ድረስ ሰው የለመደው መኪና ራዲያተሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፓራፋንጎዎቹ ከአካሉ የተለዩ፣ የፊት መብራቶቹም ለብቻቸው የተንጠለጠሉ ነበር። ኤርፍሎው ይህን ሁሉ በአንድ ጉብታ ውስጥ ዋጠው። ሰው አልወደደውም። ፋብሪካው ፊቱን ቶሎ ብሎ ቢለውጠውም አልዳነም፤ በ1937 ምርቱ ቆመ። ዛሬም የቅድመ ጦርነት መኪና ወዳጆች በዚህ ላይ ሁለት ናቸው። አንዱ ወገን «መኪና ክፍሎቹ ተለይተው መታየት አለባቸው፤ የሚሠራውን ሥራ ይናገሩ» ይላል። ሌላው ወገን «አካሉ አንድ ካልሆነ ጋሪ ነው» ይላል። እኔ በእጄ ሠርቼ ስለማውቀው ወደ መጀመሪያው ወገን አደላለሁ፤ የተለየ ፓራፋንጎ ሲጎዳ በብሎን ይፈታል፣ ተቀጥቅጦ ይመለሳል። ሆኖም ጣሊያኖቹ በ1937 ያወጧትን ላንቺያ አፕሪሊያ ስመለከት ያ ፍርዴ ይላላል። በፊትና በኋላ በሮቿ መካከል ምሰሶ የላትም፤ ሁለቱ በሮች ሲከፈቱ የመኪናዋ ጎን በሙሉ ክፍት ይሆናል። ጀርባዋ ወደ ታች የሚወርድበት መስመር የእኛን ፒያሳ ጥግ ያስታውሰኛል። በዚህ ከተማ ያደገ ዓይን አፕሪሊያን ቢወድ ምንም አይገርመኝም፤ ፊደል ሳይቆጥር በፊት ያንን መስመር ለምዶታልና።

የዓይን ልማድ ነገር ስናነሳ ፔጆ 404ን ማለፍ አይቻልም። በ1960 የወጣች፣ የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፋት መኪና ናት። ከኋላ በሁለቱ ጫፎች ላይ ዝቅ ያለ ክንፍ አላት። ክንፉ የመጣው ከሩቅ ነው። በ1948 በካዲላክ መኪና ላይ ሲታይ ሐሳቡን ያመጡት የጄኔራል ሞተርስ ነዳፊዎች ፒ 38 ከተባለው ባለ ሁለት ጭራ የጦር አውሮፕላን ወስደውት ነው፤ የቡድኑ አለቃ ሃርሊ ኤርል ነበር። ከዚያ በየዓመቱ እያደገ ሄዶ በ1959ኙ ካዲላክ ላይ ከጫፍ ደረሰ፤ እንደ ጥይት የሾሉ ቀይ መብራቶች ክንፉ ላይ ተሰክተው በመንገድ ላይ የሚሄድ ሮኬት አስመሰሉት። ከዚያ በኋላ ፋሽኑ እየወረደ ሄደ።

በአሜሪካ መኪና ወዳጆች መካከል እስካሁን የማይበርድ ሙግት አለ። የ1959ኙን ካዲላክ የሚያመልኩ አሉ፤ ይህ ጌጥ ብቻ ነው ብለው በ1961 የወጣውን፣ ጎኑ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ የተስተካከለውን ሊንከን ኮንቲኔንታል የሚመርጡም አሉ። እኔ ከሁለቱም ይልቅ የ404ን ክንፍ እመርጣለሁ፤ ምክንያቴን ላምጣ። ከመስኮቱ በታች የሚሄደው መስመር ከፊት መብራት ተነስቶ ሳይቆረጥ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ክንፉም የዚያ መስመር ማብቂያ እንጂ ተለጥፎ የመጣ ነገር አይደለም። ፒኒንፋሪና በ1959 ለእንግሊዞቹ የኦስቲን ኬምብሪጅን አካል ሠርቶ ነበር። እርሱንና 404ን ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያውቃል። አንዳንዱ በዚህ ይወቅሰዋል። እኔ ግን አንድ ልብስ ሰፊ ለሁለት ሰው ሰፍቶ ከሁለቱ ለአንዱ ልክክ ሲል እንደማየት ነው የማየው፤ ልክክ ያለው ለፔጆ ነው።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። 404ን የምወዳት በመስመሯ ብቻ አይደለም። ይህች መኪና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈች ናት። በእኛ አገር መንገድ ላይ ሰው ያመናት መኪና ናት። ያመኑት ነገር ያምራል፤ ሾፌር ሊማሊሞን አውርዳ ያወጣችውን መኪና «አስቀያሚ ናት» ብትሉት አይሰማችሁም። ይህ የዓይን ድክመት አይመስለኝም። ከአውሮፓ የመጣ ሰው 404ን ሲመለከት የቤተሰብ መኪና ያያል፤ እኛ ደግሞ የመጣችበትን መንገድ አብረን እናያለን።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚዘነጋው ጉዳይ ልግባ፤ ስለ ሕግ ነው። መልክ ሁሉ ከነዳፊ እርሳስ አይመጣም። በጣም የምንጣላባቸው አንዳንድ መስመሮች የመጡት ከመንግሥት ደንብ ነው።

የእንግሊዙን የስፖርት መኪና ጃጓር ኢ ታይፕን ውሰዱ። በመጋቢት 1961 በጄኔቫ ሲታይ ሰው ጉድ አለ። አካሉን ያወጣው ማልኮም ሴየር በአውሮፕላን ፋብሪካ የሠራ፣ መስመሩን በስሌት የሚያወጣ ሰው ነበር። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1996 አንዱን ወስዶ ከስብስቡ ጋር አስቀምጧል። በመጀመሪያዎቹ ኢ ታይፖች ላይ የፊት መብራቶቹ በመስታወት ክዳን ሥር ናቸው፤ የኮፈኑ መስመር ሳይቋረጥ እስከ አፍንጫው ይወርዳል። አሜሪካ በመብራት ላይ ክዳን እንዳይኖር ስትደነግግ ክዳኑ ተነሳ፤ መብራቱ ወጥቶ ታየ፤ በ1968 በወጣው ሁለተኛው ዙር ላይም መብራቱ ወደ ፊት መጥቶ ፓራውልቱ ወፈረ፣ የኋላ መብራቱም ተለቀ። ዛሬ ክዳን ያለው ከሌለው እጅግ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል። ክዳን የሌለውን የያዘ ሰው ግን «የእኔው በሌሊት ያሳየኛል» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ከዚህ የባሰው የኤም ጂ ቢ ነገር ነው። ይህች የእንግሊዝ ክፍት መኪና ከ1962 ጀምሮ በኒኬል ፓራውልት ትሠራ ነበር። አሜሪካ ከ1973ቱ ሞዴሎች ጀምሮ መኪና በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ፊት ለፊት ቢጋጭ መብራቱና ሌላው የደህንነት ዕቃው እንዳይጎዳ አዘዘች። አዲስ አካል ለመሥራት ገንዘብ ያልነበረው ፋብሪካ በ1974 ፊቷና ጀርባዋ ላይ ወፍራም ጥቁር የላስቲክ ፓራውልት አደረገባት፤ የመብራቱ ከፍታም ከደንቡ ጋር እንዲገጥም መኪናዋን ከጎማዋ በላይ ከፍ አደረጋት። እስከ 1980 እንደዚያው ተሠራች። ወዳጆቿ ከዚያ ወዲህ ኒኬልና ላስቲክ ተብለው ተከፍለዋል። ብዙዎች የላስቲኩን አውጥተው የድሮውን ኒኬል ገጥመዋል፤ አሁን ደግሞ ያልተነካ የላስቲክ ፓራውልት ያላትን የሚፈልጉ ወጣቶች መጥተዋል። እኔ ኒኬሉን እመርጣለሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ነገር ግን ላስቲኩን የምትጠላ ወንድሜ ሆይ፣ የምትጠላው መስመር የአንድ ዘመን ፍርሃትና የአንድ ፋብሪካ ድህነት የተጻፈበት ገጽ መሆኑን አውቀህ ጥላው።

ጠዋት ያየኋቸው የሁለቱ ቮልሶች መብራትም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው መብራትና ሰፊው ፓራውልት የመጡት በነሐሴ 1967 ነው፤ የመብራቱም ነገር ከዚያው ከአሜሪካ የመብራት ደንብ ጋር የተያያዘ ነበር። ዓይኗ የፈጠጠው ሰው እንድታስፈራ አይደለም፤ መንገዱን በደንብ እንድታሳይ ነው።

የላዳን ነገር በአጭሩ ልንካ፤ ከመካከላችሁ ወጣቶቹ እንደምትጠብቁት አውቃለሁ። ላዳ 2101 የመጣችው በ1966 ከወጣው ፊያት 124 ነው፤ ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረቷ ቶሊያቲ ከተማ ስትሠራ ላሜራዋ ወፈረ፣ ከመሬት ከፍ አለች፣ የኋላ ፍሬኗ ከዲስክ ወደ ታምቡር ተለወጠ። ከዚያ ባለ አራት ማዕዘን መብራት ያላቸው 2105 እና፣ በ1982፣ ፊቷ ላይ ትልቅ ኒኬል ያለባት 2107 መጡ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ክብ መብራት ካልሆነ ቆየ አይልም። ዓለም አቀፉ የታሪካዊ መኪኖች ፌዴሬሽን ፊቫ ግን ከሚጠይቃቸው መመዘኛዎች አንዱ መኪናው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው መሆኑ ነው፤ በዚህ ሒሳብ ታክሲ ሆነው ያረጁት ባለ አራት ማዕዘን መብራቶች ከገቡ ቆይተዋል። በላዳ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ያንን ፊት ቢወድ እኔ ሰይቼንቶን፣ ትንሿን ፊያት 600፣ ከምወድበት ምክንያት ምን ይለያል?

እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። ይህን ንግግር ለማቅረብ እሺ ያልኩትም በእርሱ ምክንያት ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ የምለማመድ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ መምህር ቮልሳቸውን ይዘው መጡ። ቮልሷ የኋላ መስታወቷ እንቁላል ቅርጽ ያለው ነበር። ስለ ቮልስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያ የኋላው መስታወት መሐሉ ላይ ምሰሶ ያለው ሁለት ክፍል ነበር፤ ከመጋቢት 1953 ምሰሶው ቀርቶ አንድ እንቁላል መሰል መስታወት ሆነ፤ ከነሐሴ 1957 ጀምሮ ደግሞ በጣም የሰፋ ባለ አራት ማዕዘን ሆነ። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረቱት ቮልሶች ውስጥ እንቁላል መስታወት ያላቸው የአራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ልጆች ብቻ ናቸው። የመምህሩ መስታወት በድንጋይ ተሰብሯል። ሌላ ተፈልጎ አልተገኘም። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ግን በግጭት ፊቷ የጠፋ አዲስ ሞዴል ቮልስ ወድቃ ነበር፤ ጀርባዋ ደህና ነው።

አለቃዬ መፍትሔውን ወዲያው አየው። የወደቀችውን ጀርባ ከነመስታወት ክፈፉ ቆርጠን አወጣን፤ ከዚያ የመምህሩን ቮልስ ጀርባ በዚያው ልክ ቆረጥን። መጋዙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በጋዝ በየድነው፣ በሞረድ አስተካክለን፣ ስቱኮ አልብሰን፣ ቀለም ቀባነው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ይህን ዛሬም እመሰክራለሁ። መምህሩ ሲረከቡ ዞረው ዞረው አዩት፤ «አሁን አዲስ ሆነች፤ ወደ ኋላም ታሳያለች» አሉ። ደስታቸው እውነተኛ ነበር። የተቆረጠው እንቁላል ክፈፍ ከዚያ በኋላ ተቀጥቅጦ ለሌላ መኪና ወለል መድፈኛ ሆነ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው ያደረግነው ነገር ምን እንደነበር የገባኝ። በዓለም ላይ የመጀመሪያውን ባለ ምሰሶ ቮልስ የያዙ ሰዎችም በ1950ዎቹ ምሰሶውን እያስቆረጡ እንደ አዲሱ እንድትመስል ያደርጉ እንደነበር ሳነብ ልቤ ተነካ። እነርሱም በዘመናቸው ዓይን አሮጌ መስሎ ከመታየት መሸሻቸው ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ያቺን ምሰሶ ፍለጋ ያላቸውን ሁሉ ያወጣሉ። የመምህሩ ነገር ግን ከእነርሱ ይለያል። መምህሩ አሮጌውን ንቀው አላስቆረጡትም፤ ዝናብ እንዳይገባ፣ መንገድ እንዲታያቸው ነው። በአንድ ላሜራ ላይ የሁለት ዓይነት ሰው መጋዝ እኩል ምልክት ይተዋል፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው።

ወደ ጠባቂዎችና አዳሾች ሙግት ላልፍ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ የጋለው እርሱ ነውና። በካሊፎርኒያ ፔብል ቢች ላይ ከ1950 ጀምሮ የሚደረግ ታዋቂ የመኪና ውበት ውድድር አለ። ለረጅም ዘመን ያሸነፉት ተፈትተው እስከ ብሎናቸው የታደሱ፣ ከፋብሪካ ከወጡበት ቀን ይልቅ የሚያበሩ መኪኖች ነበሩ። በ2024 ግን የመጀመሪያውን ማዕረግ የወሰደው ሳይታደስ የተጠበቀ አንድ የ1934 ቡጋቲ ታይፕ 59 ነው። የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሣልሳዊ ይዘውት የነበረ መኪና ነው፤ የተላላጠ ጥቁር ቀለሙን እንደያዘ ነው ያሸነፈው። ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። የሚያብረቀርቀውን የሚወዱት «ቸልተኝነት ተሸለመ» ብለው የሚቆጡ አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ «ኦሪጅናል መሆን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማደስ ግን ሁልጊዜ ይቻላል» ይላሉ።

እኛ በዚህ ሙግት ውስጥ የተለየ ስፍራ አለን። በአውሮፓ ቀዝቃዛ አገሮች በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ላሜራን ከሥር ይበላዋል፤ ስለዚህ ብዙ መኪና የሚታደሰው ወድዶ አይደለም፣ በስብሶ ነው። የእኛ ደጋ ላሜራን አይበላም፤ ፀሐያችን ቀለምን ያደበዝዛል እንጂ። ስለዚህ እዚህ ያሉ መኪኖች ብዙ ጊዜ ቀለማቸው ደክሞ አካላቸው ጤነኛ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና እስከ ላሜራው ልጦ እንደ አዲስ መቀባት ግዴታ አይደለም። የወደደ ይቀባ፤ ግን ከስቱኮው በፊት ያለውን ቀለም አንድ ስፍራ ላይ፣ ከኮፈኑ ሥር ቢሆን፣ ሳይነካ ይተውልኝ። ይህንን ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር።

ለጎንደር ሰው ይህን ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም። በ1930ዎቹ በፋሲል ግቢ ግንቦች ላይ በተደረገ ጥገና ሲሚንቶና ኮንክሪት ገብቶ ነበር፤ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆነባቸው። በቅርቡ በተደረገው እድሳትም ግንቡ መልኩ ተለወጠ፣ አልተለወጠም ብለን ያልተከራከርን ማን አለ? ለድንጋይ የምንሳሳለትን ያህል ለላሜራም ብንሳሳ ብዬ አስባለሁ።

ይህን ስል ግን የፋብሪካ መልክ ብቻ ይከበር ማለቴ አይደለም። በእኛ አገር መኪኖች ላይ ያሉትን ነገሮች አስቡ፤ ከጣሪያ በላይ የሚሠራው ፖርቶ ባጋሊዮ፣ የመቀመጫው የእጅ ሥራ ልብስ፣ በኤን ትሬ የጭነት መኪና ግንባር ላይ የሚጻፈው ጥቅስና የሚሣለው ሥዕል፣ መስታወቱ ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ። ከውጭ የመጣ የመኪና ወዳጅ ይህን «ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ ሊያስወልቅ ይችላል። በ2013 በፊቫ የጸደቀው የቱሪን ቻርተር እንኳን አንድ መኪና በአገልግሎት ዘመኑ ያገኘው ለውጥ የታሪኩ ክፍል መሆኑን ይቀበላል፤ ከዚያ የሚፈልገው የሚደረገው ሥራ ሁሉ በጽሑፍ እንዲያዝ ነው። የእኛ ሠዓሊ የጻፈበትን የጭነት መኪና አጥቦ የቱሪን ፋብሪካ ቀለም መቀባት የትውልዱን ቃል መፋቅ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። እዚህ ላይ ለማንም አልመለስም።

የመምህሩን ቮልስ ነገር ልጨርስላችሁ። እርሳቸው አርፈዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጃቸው ቮልሷን ይዛ ቤቴ መጣች። ቀለሟ ደክሟል፤ ወለሉ ላይ ትንሽ ዝገት አለ፤ ሌላው ደህና ነው። «ጋሼ፣ አባቴ እርስዎ ጋ ነው ያሠራኋት ይሉ ነበር፤ አሁን በእርስዎ እጅ እንድትታደስ እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔ ለዓመታት ያሰብኩት ነገር በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። እንቁላል መስታወት ያለው የጥገና ላሜራ ዛሬ ከውጭ ማስመጣት ይቻላል። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት፤ የቆረጥኩት እኔ መሆኔን፣ የመጀመሪያው መልክ ምን እንደነበር፣ ብትመለስ ዋጋዋ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ነገርኳት። የእጄን ዋጋ እንደማልቀበልም ነገርኳት።

ሰምታ ጨረሰችና ወደ ኋላ ወንበር ገባች። «ልጅ ሆኜ እዚህ ላይ ተንበርክኬ ወደ ኋላ እያየሁ ነበር የምሄደው፤» አለች። «ከቤት ስንወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ፣ ከዚያ ግንቡ፣ ከዚያ የፒያሳ ሰው፤ ሁሉንም ያየሁት በዚህ መስታወት ነው። እንቁላሉን እኔ አላውቀውም፤ ያ የማላውቃት መኪና ነው።»

ልሟገታት ሞከርኩ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ቢሆን እንቁላሉ የበለጠ ያምራል ብዬ አምናለሁ፤ የጀርባዋ ጉብታና የመስታወቱ ክብነት እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፣ አራት ማዕዘኑ ግን ያንን ንግግር ያቋርጠዋል። እርሷ ግን ምክንያቷን አምጥታለች፤ ከእኔ ምክንያት የሚያንስ አልነበረም።

ወለሉን ጠገንኩላት፤ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን አስተካከልኩ፤ የአባቷን ቀለም አልነካሁም። ከዚያ አንድ ነገር ለመንኳት፤ ፈቀደችልኝ። አንድ ወረቀት ላይ መቼ፣ ለምን፣ ከየትኛዋ መኪና፣ በየት በኩል እንደተቆረጠ ጻፍኩ፤ በሥሩም የእንቁላሉን መስታወት ቅርጽ ከነልኩ በእርሳስ ሣልኩት፤ ፈረምኩበት። ወረቀቱ አሁን በቮልሷ የፊት መሳቢያ ውስጥ፣ ከሊብሬው ጋር ተቀምጧል።